ከኮዶካን እስከ ኦኪናዋ፦ የአኒሜ ፍልሚያ የተወለደባቸው ቦታዎች

ማክሰኞ፣ ቶኪዮ

ጃፓን የመጣሁበት ጉዳይ አንድ ነው። በአኒሜ፣ በጃፓን የካርቱን ፊልም ማለቴ ነው፣ ያየነው ፍልሚያ ከየት እንደመጣ በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነው። ተፋላሚው ሊመታ ሲል የምቱን ስም ለምን ይጮሃል? ከመታ በኋላስ ለምን ደርቆ ይቆማል? ተማሪው አንዲት ቡጢ ሳይማር ለምን ወራት ሙሉ ወለል ሲወለውልና ሸክም ሲሸከም ይከርማል? ብዙ ሰው ይህን ሁሉ የሠዓሊ ፈጠራ፣ የልጆች ማዝናኛ አድርጎ ነው የሚያየው። እኔ አይመስለኝም። አብዛኛው ከዶጆ፣ ከስልጠና አዳራሹ ማለቴ ነው፣ በቀጥታ የተወሰደ ነው። ብድሩም ተመልሷል፤ ዶጆዎቹን በልጆች የሞሏቸው ማንጋዎቹ፣ የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጻሕፍቱ፣ ናቸው። ከታች የምታዩት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አብሮኝ ያለው ለትምህርት ቶኪዮ የመጣ የሰፈሬ ልጅ ነው። አኒሜ ይወዳል፣ ስፖርት ግን አይነካካም። ዕቃዬን እንዳስቀመጥኩ «ና፣ ከሁሉም በፊት ኮዶካንን ማየት አለብህ» ብሎ ይዞኝ ወጣ።

ኮዶካን የጁዶ ዋና ቤት ነው። ካሱጋ ከሚባለው የባቡር ጣቢያ እንደወጣችሁ ታገኙታላችሁ። ከውጭ ሲታይ ተራ የቢሮ ሕንፃ ነው የሚመስለው፤ ደጁ ላይ ግን የመሥራቹ የካኖ ጂጎሮ ሐውልት ቆሟል። ካኖ በ1882 ጁዶን ሲጀምር የነበረው ኤይሾጂ በሚባል ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 የታታሚ ምንጣፍ የምትይዝ ክፍልና ዘጠኝ ተማሪ ነው። የዛሬው ዋና አዳራሽ 420 ታታሚ ይይዛል። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስምንተኛው ፎቅ ላይ የተመልካች ወንበር አለ፣ ማየት ደግሞ በነጻ ነው።

ስንገባ ልምምዱ ተጀምሯል። ነጭ የለበሰ ሰው አዳራሹን ሞልቶታል፤ ትከሻቸው በር የሚዘጋ ወንዶች፣ ሴቶች፣ ፀጉራቸው የሸበተ አዛውንቶች። እየሠሩ ያሉት መጣል ሳይሆን መውደቅ ነው። ይወድቃሉ፣ ምንጣፉን በክንዳቸው ይመታሉ፣ ይነሳሉ፣ ደግመው ይወድቃሉ። ድምፁ እኛ ያለንበት ፎቅ ድረስ ይሰማል።

«ይሄን ሁሉ ሰዓት መውደቅ ብቻ?» አለኝ ጓደኛዬ።

አዎ። ጁዶ ሲጀመር የሚማሩት አወዳደቅ ነው። ፊልም ሠሪው ኩሮሳዋ በ1943 የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ የአንድ የጁዶ ተማሪ ታሪክ ነበር፤ ልጁ ከጥንቱ የጁጁትሱ ቤቶች ጋር ይጋጠማል። ሁለት ዶጆ፣ ሁለት መምህር፣ ክብራቸውን በተማሪዎቻቸው ትከሻ ላይ ያሳረፉ። ይህን አጥንት ስንት አኒሜ ላይ አይተነዋል?

ጁዶና አኒሜ ሲነሱ ግን ከሁሉ በፊት መጠራት ያለበት «ያዋራ!» ነው። ናኦኪ ኡራሳዋ ማንጋውን በ1986 ጀመረው፣ አኒሜው ከ1989 እስከ 1992 በቴሌቪዥን ታየ። አያቷ ኦሊምፒክ ካላደረስኩሽ ብለው የሚያሠለጥኗት፣ እሷ ግን እንደ እኩዮቿ መዋብና መዝናናት የሚያምራት ልጅ ታሪክ ነው። በየክፍሉ መጨረሻ ላይ ለባርሴሎና ኦሊምፒክ ስንት ቀን እንደቀረ ይነገር ነበር። የሴቶች ጁዶ ሙሉ የሜዳሊያ ውድድር የሆነው በዚያው በባርሴሎና፣ በ1992 ነው። እና ምን ሆነ መሰላችሁ? ሪዮኮ ታሙራ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ሄዳ ብር ይዛ መጣች፣ አገሩ በሙሉም «ያዋራ-ቻን» እያለ ይጠራት ጀመር። በአትላንታ እንደገና ብር፣ በሲድኒ 2000 ወርቅ፣ በአቴንስ 2004 ወርቅ፣ በቤጂንግ 2008 ነሐስ። አንዲት የተሳለች ልጅ ስሟን ለሥጋ ለባሽ ሻምፒዮን አወረሰች። እኔ ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለው ሙዚየም የካኖን ፎቶዎችና ጽሑፎች ይዟል። ካኖ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የመጀመሪያው እስያዊ አባል ነበር። በ1938 ካይሮ ላይ ከተደረገው ስብሰባ በሰሜን አሜሪካ በኩል ዞሮ ሲመለስ መርከብ ላይ አረፈ። ጁዶ ኦሊምፒክ ሲገባ አላየም።

ረቡዕ፣ ቡዶካን

ጁዶ ኦሊምፒክ የገባበትን ቤት ለማየት ዛሬ ኩዳንሺታ ሄድን። ኒፖን ቡዶካን በድሮው የንጉሡ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ፣ ከውሃ ገንዳው ማዶ ነው። ባለ ስምንት ማዕዘን ነው፤ ጣሪያው ጫፍ ላይ ጃፓኖቹ ሽንኩርት የሚሉት ወርቃማ ጉልላት አለው። ለ1964 ኦሊምፒክ የተሠራ ነው።

1964 ሲባል የማንኛችንም ልብ ወደ አንድ ሰው ነው የሚሄደው። ኦክቶበር 21 ቀን አበበ ቢቂላ የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ሳምንታቱ ነበሩ። ከዚያ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ ጡንቻውን ማፍታታት ጀመረ። እዚህ አገር ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው እስካሁን «አበበ!» ይሉኛል።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 23፣ እዚህ ቡዶካን ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ። ኔዘርላንዳዊው አንቶን ሄሲንክ በክፍት ሚዛን ፍጻሜ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን ምንጣፍ ላይ ይዞ አስቀረው። በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ጨዋታቸው። የሄሲንክ አገር ሰዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሲሮጡ ግን አሸናፊው ገና ከተሸናፊው ጋር እንዳለ እጁን ዘርግቶ «ተመለሱ» አላቸው። ስለዚህች እጅ ዓርብ እመለስበታለሁ።

በዚሁ አዳራሽ በ1976 መሐመድ አሊና የነጻ ትግሉ አንቶኒዮ ኢኖኪ 15 ዙር ተጋጥመዋል። ኢኖኪ አብዛኛውን ሰዓት በጀርባው ተኝቶ የአሊን እግር ሲረግጥ አመሸ። ውጤቱ አቻ ነው፣ ተመልካቹም ተናደደ፣ የአሊ እግር ግን ክፉኛ ተጎዳ። ቦክሰኛና ታጋይ ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል የሚለው ጥያቄ በ«ባኪ» ዓይነት ማንጋዎች ውስጥ መጽሐፍ ሙሉ የሚሞላ ነገር ነው። እዚህ ሰው ከወንበሩ ሆኖ አይቶታል።

ከሰዓት ናካኖ ብሮድዌይ ሄድን። በ1966 የተሠራ የገበያ ሕንፃ ነው፤ ዛሬ ፎቅ ከፎቅ ያገለገሉ ማንጋዎችና አሻንጉሊቶች የሚሸጡበት ሆኗል። ጓደኛዬ «ድራገን ቦል» ላይ ሲጣበቅ እኔ «ታይገር ማስክ»ን፣ የነብር ጭንብል ማለት ነው፣ ፈለግኩ።

ይህ ማንጋ በ1968 የወጣ ነው። ናኦቶ ዳቴ የሚባል በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ልጅ፣ ክፉ የሆነ የትግል ድርጅት አሠልጥኖት ጭንብል አጥልቆ ይታገላል፤ የሚያገኘውን ገንዘብ ግን ለማሳደጊያው ልጆች ይሰጣል። በ1981 አንድ የትግል ድርጅት ይህን ጭንብል ለእውነተኛ ታጋይ አጠለቀለት፤ ሳቶሩ ሳያማ። ሰውዬው ገመድ ላይ እየዘለለ፣ አየር ላይ እየተገለበጠ ልጆቹን አሳበዳቸው። ኋላም ሹቶ የሚባለውን፣ ለዛሬው የድብልቅ ማርሻል አርት ውድድር መንገድ ከጠረጉት አንዱን መሠረተ።

ታሪኩ እዚያ ላይ አላበቃም። በ2010 ዲሴምበር ላይ ጉንማ በሚባለው አውራጃ አንድ ሰው በሕፃናት ድጋፍ ማዕከል ደጃፍ ላይ አስር አዳዲስ የተማሪ ቦርሳ አስቀምጦ ሄደ። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ስም ናኦቶ ዳቴ ነበር። ከዚያ በየከተማው ስማቸውን ያልገለጹ ሰዎች በዚያው ስም ቦርሳ፣ ገንዘብ፣ መጫወቻ ማስቀመጥ ጀመሩ። ከማንጋ ገጽ ተነስቶ ሪንግ ላይ፣ ከሪንግ ደግሞ ወላጅ ያጡ ልጆች ደጅ። እንዲህ የሚያደርግ ጥበብ «የልጆች ነው» ተብሎ ሲናቅ እናደዳለሁ።

ሐሙስ፣ ናሚዳባሺ

ታይገር ማስክን የደረሰው ሰው ኢኪ ካጂዋራ ይባላል። ዛሬ የሄድኩበት ሰፈርም የእሱ ነው ማለት ይቻላል።

ናሚዳባሺ፣ የእንባ ድልድይ፣ የሚባለው ቦታ ከሚናሚ-ሰንጁ ጣቢያ በእግር ቅርብ ነው። ድልድይ ግን የለም፣ መስቀለኛ መንገድ ብቻ ነው። በጥንት ጊዜ በአቅራቢያው የሞት ፍርድ የሚፈጸምበት ሜዳ ነበር፤ ፍርደኞች ከቤተሰባቸው ጋር የሚሰነባበቱት ድልድዩ ላይ ነበር ይባላል። ከጦርነቱ በኋላ ሰፈሩ የቀን ሠራተኞች የሚያድሩበት ሆነ። ሳንያ ይሉታል። እነዚያ በርካሽ የሚታደርባቸው ትንንሽ ቤቶች ዛሬም አሉ፤ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎችም።

«አሺታ ኖ ጆ» የተባለው የቦክስ ማንጋ ከ1968 እስከ 1973 የወጣ ሲሆን የሚጀምረው እዚህ ነው። ካጂዋራ በሌላ የብዕር ስም ጻፈው፣ ቴትሱያ ቺባ ሳለው። ጆ ወላጅ የለውም፣ ቤት የለውም፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ ሰካራም አሠልጣኝ ድልድዩ ሥር በቆርቆሮ በሠራው ጂም ውስጥ ቦክስ ያስተምረዋል። ኦሊምፒኩ አልፎ፣ ፈጣን ባቡሩ ተመርቆ፣ አገሩ ሀብታም እየሆነ ባለበት ሰዓት ካጂዋራ ዞሮ ያየው ያንን ሁሉ በጉልበታቸው የሠሩትንና ድርሻቸው ያልደረሳቸውን ሰዎች ነው። ጆ የእነሱ ልጅ ነው።

የጆ ተቀናቃኝ ሪኪኢሺ ይባላል። ከጆ ጋር ለመጋጠም ብሎ ኪሎውን እስኪደርቅ ድረስ ይቀንሳል፣ ያሸንፋል፣ ከዚያ ይሞታል። በ1970 ገጸ ባሕርዩ ሲሞት አሳታሚው ሕንፃ ውስጥ እውነተኛ የቀብር ሥነ ሥርዓት ተደረገለት። ሃሳቡን ያመጣው ገጣሚውና ተውኔት አዘጋጁ ሹጂ ቴራያማ ነበር፤ ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ለቅሶ ደረሰ። በዚያው ዓመት አውሮፕላን ጠልፈው ወደ ሰሜን ኮሪያ የሄዱት ተማሪዎች በመግለጫቸው ላይ «እኛ ጆ ነን» ብለው ጽፈዋል። የሥዕል ቦክሰኛ እንዲህ ሰው ውስጥ ገብቶ ነበር።

ኢሮሃ በሚባለው የገበያ መንገድ ጫፍ ላይ የጆ ሐውልት አለ፣ በ2012 የቆመ። ጃኬቱን በትከሻው ላይ ጥሎ ቆሟል። እዚያ ብዙ ቆየሁ። አንድ አሮጊት ብስክሌታቸውን እየገፉ ሲያልፉ ፎቶ ስናነሳ አዩና ቆሙ፤ ጓደኛዬ ተረጎመልኝ፣ ወንድማቸው በየሳምንቱ መጽሔቱ የሚወጣበትን ቀን እየጠበቀ ያነብላቸው እንደነበር ነው የነገሩን።

ካጂዋራ በዚህ አላቆመም። በ1971 ስለ ማስ ኦያማ፣ ኮሪያ ተወልዶ ጃፓን ውስጥ ኪዮኩሺን የሚባለውን ሙሉ ንክኪ ያለበት ካራቴ በ1964 ስላቋቋመው ሰው፣ ሌላ ማንጋ ጀመረ። ብዙ የተጋነነ ነገር አለው፣ የኦያማ ከበሬ ጋር መታገል ሳይቀር እንደ ተአምር ነው የተሳለው። ያነበቡት ልጆች ግን ቀበቶ ሊያስሩ ወደ ኪዮኩሺን ዶጆዎች ጎረፉ። እኔ ካጂዋራን የማከብረው ለዚህ ነው፤ ፍልሚያ ዋጋ እንዳለው፣ የሚመታ ሰው እንደሚጎዳ አልደበቀም።

ዓርብ፣ ቶኪዮ

ዛሬ የጠየቅኳቸው ሁለት ጥያቄዎች መልስ አገኙ።

የጓደኛዬ መምህር ኬንዶ ይሠራሉ። በአንድ የወረዳ ስፖርት አዳራሽ ማታ ማታ ልጆች ያሠለጥናሉ፤ እንድናይ ጋበዙን። እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ሲገባም ሲወጣም ለአዳራሹ እጅ ይነሳል። ከሁሉ በፊት ልጆቹ እርጥብ ጨርቅ ይዘው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከግድግዳ ግድግዳ እየሮጡ ወለሉን ወለወሉት። ስድስትና ሰባት ዓመት የሚሆናቸው አሉ። ማንም አላዘዛቸውም፣ ደግሞም ሲሠሩት የእግር ጡንቻ ልምምድ እንደሆነ ያስታውቃል።

ከዚያ ጥሩሩን ለበሱ፣ የብረት ፍርግርግ ያለውን የራስ መከላከያ አጠለቁ፣ የቀርከሃ ሰይፋቸውን ያዙ። እና ጩኸቱ ጀመረ።

በኬንዶ የሚመታው አራት ቦታ ነው፤ ራስ፣ የእጅ አንጓ፣ ጎንና ጉሮሮ። ስትመታ የመታኸውን ቦታ ስም ትጮሃለህ። «መን!» ራስ ነው፣ «ኮቴ!» አንጓ፣ «ዶ!» ጎን። ይህ ለድምቀት አይደለም፣ ሕግ ነው። ሰይፉ ቢያርፍም ድምፅህ፣ ሰይፍህና እግርህ አብረው ካልመጡ ነጥብ የለም። መምህሩ እንዳስረዱን ድምፁ የልብን መቁረጥ ያሳያል፤ በአጋጣሚ የነካና ወስኖ የመታ ሰው የሚለዩት በዚያ ነው። እንግዲህ የ«ድራገን ቦል»ው ጎኩ የምቱን ስም «ካሜሃሜሃ» ብሎ ቃሉን እየጎተተ ሲጮህ ጠላቱ ለምን ቆሞ ያዳምጠዋል እያልን የምንስቅበት ነገር ሥሩ ይሄ ነው። አኒሜው አዳራሹ ውስጥ በግማሽ ሰከንድ የሚያልቀውን ለጥጦ አሳየን እንጂ አልፈጠረውም።

ሁለተኛው፣ ደርቆ መቆሙ። ከመታህ በኋላ አልፈህ ትሄዳለህ፣ ትዞራለህ፣ ሰይፍህን ወደ ተቃራኒህ እንደቀሰርክ ትቆማለህ። ዛንሺን ይሉታል። ጨዋታው ያበቃ ቢመስልም አንተ አላበቃህም። ሦስት ዳኞች አሉ፣ ቀይና ነጭ ባንዲራ ይዘው፤ ባንዲራው ከተነሳ በኋላ እንኳ ተወዳዳሪው በደስታ ቡጢውን ወደ ላይ ቢወረውር ነጥቡ ሊሰረዝበት ይችላል። ሄሲንክ በ1964 አገሩ ልጆች ላይ የዘረጋት እጅ ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው። ጁዶ ነው እሱ፣ መንፈሱ ግን አንድ ነው። በአኒሜ ሁለት ሰዎች ሰይፍ መዘው ይተላለፋሉ፣ ጀርባ ለጀርባ ይቆማሉ፣ ንፋስ ይነፍሳል፣ ከዚያ አንዱ ይወድቃል። ያቺ ዝምታ ዛንሺን ናት። ለሠዓሊው ደግሞ ርካሽ ናት፤ ምንም የማይንቀሳቀስበት ምስል ብዙ ሥዕል አይጠይቅም። ሁለቱ ነገሮች መገጣጠማቸው ለዘመናት የማይሰለች ትዕይንት ሰጠን።

ልጆቹ ሲጨርሱ ተንበርክከው ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ሮጠው ወደ እኛ መጡ። አንዱ ለጓደኛዬ ቦርሳው ላይ የተንጠለጠለችውን የ«ኪሜትሱ ኖ ያይባ» አኒሜ ምስል አሳየው፤ ኬንዶ የጀመረው በአኒሜው ሰይፈኛ በታንጂሮ ምክንያት እንደሆነ ነገረው።

ቅዳሜ፣ ኪዮቶ

በጠዋት ሺንካንሰን፣ ፈጣኑን ባቡር፣ ይዤ ኪዮቶ ገባሁ። ብቻዬን ነኝ፣ ጓደኛዬ ፈተና አለበት።

ሄያን ከሚባለው መቅደስ አጠገብ በ1899 የተሠራ የእንጨት አዳራሽ አለ፣ ቡቶኩደን። ግድግዳው በአብዛኛው ተንሸራታች በር ነው፣ ወለሉ ከብዙ እግር ብዛት አብረቅርቋል። እዚህ በየዓመቱ ሜይ ላይ ትልልቆቹ የኬንዶ ሊቃውንት ይሰበሰባሉ። አዳራሹን የሠራው ማኅበር ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ፈረሰ። አሜሪካኖቹ ማርሻል አርት የወታደራዊነት መንፈስ ነው ብለው ከትምህርት ቤት አስወጥተውት ነበር። ጁዶ ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰው በ1950 ነው። ኬንዶ እንደ ስፖርት በአገር ደረጃ የተደራጀው ጃፓን ነጻነቷን ባገኘችበት በ1952 ነው። በዚያው በ1952 ኤይኢቺ ፉኩይ የሚባል ሠዓሊ «ኢጋጉሪ-ኩን» የሚል የጁዶ ማንጋ አወጣ፣ ልጆቹም ተሻሙበት። ይህ አጋጣሚ አይመስለኝም። ያ ትውልድ ሲከለከል የኖረውን ነገር መጀመሪያ ያገኘው ብዙዎቹ ዘንድ በወረቀት ላይ ነው። ዛሬ፣ ከ2012 ጀምሮ፣ መካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ ተማሪ ሁሉ ከማርሻል አርቶቹ አንዱን የመማር ግዴታ አለበት።

ከሰዓት የማንጋ ሙዚየሙ ውስጥ አሳለፍኩ። የድሮ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር፤ በ2006 ሙዚየም ሆነ። ወደ 300,000 የሚጠጋ ነገር ያስቀምጣል፣ ከዚያ ውስጥ 50,000 ያህሉን ማንም ከመደርደሪያ አንስቶ ማንበብ ይችላል። ሰዉ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ያነባል፣ አባትና ልጅ ጎን ለጎን። የጃፓንኛ ፊደል ባላነብም የፍልሚያ ገጾቹ ይገባሉ። ቡጢው ከገጹ ድንበር ወጥቶ ይሄዳል፣ መስመሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ይሮጣሉ፣ ከዚያ ስትገልጥ ሙሉ ገጽ ላይ አንድ ምስል ብቻ፣ ምንም ድምፅ የለም። አኒሜ ይህን ነው ወደ ስክሪን የወሰደው።

እሁድ፣ ኢጋ

ከኪዮቶ ኢጋ ለመድረስ ባቡር መቀያየር አለ። የመጨረሻዋ ባቡር ትንሽ ናት፣ ፊቷ ላይ የኒንጃ ዓይኖች ተስለዋል። ጣቢያው ራሱ «ኒንጃ-ሺ» የሚል ቅጽል ስም ተሰጥቶታል።

ናሩቶ የሚባለውን የኒንጃ አኒሜ እያዩ ላደጉ ሁሉ ይህ የኒንጃ አገር ነው፤ ተራራ የከበበው ለጥ ያለ መሬት። የኢጋ ሰዎች ጌታ ሳይሾምባቸው ራሳቸውን እያስተዳደሩ ኖረዋል፣ ኦዳ ኖቡናጋ በ1581 ጦር አዝምቶ እስኪያጠፋቸው ድረስ። ሙዚየሙ ውስጥ ያለው የገበሬ ቤት ከላይ ሲታይ የተለመደ የሣር ክዳን ቤት ነው። ውስጡ ግን የሚሽከረከር ግድግዳ፣ ከወለል ሳንቃ ሥር የተደበቀ ሰይፍ፣ የማይታይ መሰላል አለው። አስጎብኚዋ ሳንቃውን በእግሯ ረግጣ ሰይፉን ስታወጣ ዓይን አይከተላትም።

ኒንጃ ማለት ግን በዋናነት ሰላይ ነው። በ1676 የተጻፈው «ባንሰንሹካይ» የሚባለው ትልቅ የኒንጃ ጥበብ መጽሐፍ የሚያተኩረው ወሬ መሰብሰብ፣ መነኩሴ ወይም ነጋዴ መስሎ መግባት፣ እሳት ማንደድ፣ አምልጦ መውጣት ላይ ነው። ጥቁር በጥቁር የለበሰው ኒንጃ ከካቡኪ ቲያትር የመጣ እንደሆነ ይታመናል፤ መድረክ ላይ ዕቃ የሚያነሱት ሠራተኞች ጥቁር ስለሚለብሱ ተመልካቹ እንደሌሉ ይቆጥራቸዋል። ደራሲው ኪሺሞቶ ናሩቶን ደማቅ ብርቱካናማ ማልበሱ ስለዚህ ከታሪክ መራቁ ብቻ አይደለም፤ የሚያየኝ ሰው ይኑር የሚል ልጅ ታሪክ ነውና ልብሱም ይጮሃል።

የናሩቶን የእጅ ምልክቶች ታስታውሳላችሁ። አኒሜው አሥራ ሁለት አድርጎ የእንስሳት ስም ሰጣቸው፣ ጥንታዊው ሥርዓት ግን ዘጠኝ ነው፣ ከቡድሂዝም ጸሎት ጋር የተያያዘ፣ ፍርሃትን ለማረጋጋት። ከሁሉ የበለጠ የምወደው ገጸ ባሕርይ ግን ምልክት መሥራት የማይችለው ሮክ ሊ ነው። ፀጉሩም ልብሱም ብሩስ ሊን ያስታውሳል። ተሰጥኦ የለውም፣ ያለው እጁና እግሩ ብቻ ነው። ጋራ ከሚባለው ተፋላሚ ጋር ሲጋጠም የእግሩን ክብደቶች ፈትቶ ሲጥላቸው መሬቱ የሚሰነጠቅበት ትዕይንት በቪዲዮ ቤት ካራቴ ፊልም እያየ ላደገ ሰው ሁሉ የተጻፈ ነው። እኛም እግራችን ላይ አሸዋ በከረጢት አስረን የሮጥን ልጆች ነበርን።

ሰኞ፣ መንገድ ላይ

ኦሳካ፣ አውሮፕላን፣ ናሃ። ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ኦኪናዋ

ካራቴ የጃፓን ዋና ምድር ልጅ አይደለም። ኦኪናዋ እስከ 1879 ድረስ ሪዩኪዩ የሚባል የራሷ መንግሥት ነበረች፣ ከቻይና ጋር የምትነግድ። ጥበቡ የዚያ ንግድና የዚህች ደሴት ልጅ ነው። የሹሪ ቤተ መንግሥት በ2019 ተቃጥሎ ወድሞ ነበር፤ መልሶ የመገንባቱ ሥራ ለጎብኚ ክፍት ሆኖ እንዲታይ ተደርጓል። ከሹሪ ሰዎች አንዱ አንኮ ኢቶሱ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ካራቴን ከድብቅ ጓሮ አውጥቶ ትምህርት ቤት አስገባው። ተማሪው ጊቺን ፉናኮሺ በ1922 ቶኪዮ ሄዶ አሳየው፤ ካኖም ኮዶካን ጋብዞ አስተናገደው። ነጩ ልብስና ቀበቶው ከጁዶ የተወሰደ ነው።

በ2017 የተከፈተው ካራቴ ካይካን ቶሚጉሱኩ ውስጥ ነው። ሙዚየሙ ላይ የሦስተኛው ጥያቄዬ መልስ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ዱላ ጫፍ ላይ የተተከለ ድንጋይ፣ አፉ በጣት ጫፍ ብቻ ተይዞ የሚነሳ ማሰሮ፣ ገመድ የተጠመጠመበት የመምቻ ሳንቃ። የገበሬና የሸክላ ሠሪ ቤት ዕቃ ነው የሚመስለው። አንስቼ ሞከርኩት፣ ማሰሮው ጣትን እንደ እሳት ነው የሚያቃጥለው። በ«ድራገን ቦል» ማስተር ሮሺ ጎኩንና ክሪሊንን ወተት ሲያሳድላቸው፣ እርሻ በእጃቸው ሲያሳርሳቸው፣ 20 ኪሎ የዔሊ ቅርፊት ጀርባቸው ላይ ሲያሸክማቸው ቡጢ አያስተምራቸውም። በ2024 ያረፈው የ«ድራገን ቦል» ደራሲ ቶሪያማ ይህን የወሰደው በዋናነት ከሆንግ ኮንግ ፊልሞች ነው፣ እነሱም ከቻይና ዶጆዎች። ኦኪናዋም ከዚያው ምንጭ ጠጥታለች።

ማታ ጎጁ-ሪዩ የሚባለው የካራቴ ስልት በሚሰጥበት አንድ ዶጆ ሳንቺን የሚባለውን ልምምድ አየሁ። ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። ሰውነት በሙሉ ይወጠራል፣ ትንፋሽ ከሆድ በድምፅ ይወጣል፣ መምህሩ በተማሪው ትከሻና ጭን ላይ በመዳፋቸው እየመቱ ይፈትሻሉ። ላቡ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሰውየው ግን ከቦታው የተንቀሳቀሰ አይመስልም። ታንጂሮ «የውሃ ትንፋሽ» ሲል ሰይፉን የሚከተለው ማዕበል የሠዓሊው ነው፤ ትንፋሹ ግን ይኼው፣ ጆሮዬ ሥር ነበር።

ግድግዳው ላይ የሪዮ ኪዩና ፎቶ ተሰቅሏል። በቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በ2021፣ ያየነው ቡዶካን ውስጥ በካታ፣ ብቻውን ተፈላሚ ሳይኖር በሚሠራው የካራቴ ቅደም ተከተል፣ ወርቅ የወሰደ የኦኪናዋ ልጅ ነው፤ ደሴቷ በታሪኳ ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ። መድረኩ ላይ የወጣው የእናቱን ፎቶ ይዞ ነበር። በቀጣዩ ኦሊምፒክ፣ ፓሪስ ላይ፣ ካራቴ ተቀነሰ። ይህ ልክ አልነበረም ባይ ነኝ፣ ዶጆው ውስጥ ያሉትም ቅሬታቸውን አልደበቁም።

ኦኪናዋ ለመምጣት የምታስቡ ካላችሁ፣ ካራቴ ካይካን ውስጥ የውጭ እንግዶችን ከዶጆዎች ጋር የሚያገናኝ ቢሮ አለ፤ ከመምጣታችሁ በፊት ጻፉላቸው። ሰዓታችሁን አክብሩ፣ ጫማችሁን አስተካክላችሁ አስቀምጡ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ልብስ የሌለው ሰው በቲሸርት መሥራት ይችል እንደሆነ መምህሩን ይጠይቅ፤ እኔን ፈቅደውልኛል፣ ነገ ጠዋት ከበረራዬ በፊት እንድመጣ ነግረውኛል።